አንቱ ማለት ያቃተው ምላስ

እግሬ ድኗል። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ሰቆጣ ገበያ ላይ የሚያገኘኝ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያየው እግሬን ስለሆነ ነው። «እሰይ ሲሳይ፣ ቆመህ ሄድህ! በቃ ድነሃል» ይለኛል፤ እኔም እግዜር ይመስገን እላለሁ። ከዚያ ወሬ ስንጀምር ፊቱ ይለወጣል። ይህ ጽሑፍ እግሩ ድኖ አፉ ስላልዳነ ሰው ነው። ቤታችሁ ውስጥ ጭንቅላቱን የተመታ ዘመድ ካለ፣ እኔ ላይ የደረሰው እሱም ላይ እንዳይደርስ ብዬ ነው የምጽፈው። ብትቀየሙኝም አንብቡት፤ መቀየም የለመድሁት ነገር ነው።

የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነኝ፤ ወይም ነበርሁ። ገበሬው የከብት ሐኪም ይለናል፣ የኔን ዕድሜ የበላው ግን የአበርገሌ ፍየል ነው። አንድ ጊዜ ቆላው ኒሯቅ አካባቢ ፍየል ስንከትብ ሰንብተን በሞተር ሳይክል ወደ ሰቆጣ ስመለስ ጎማው ጠጠር ላይ ከዳኝና ወደቅሁ። ደም የለም፣ ስብራት የለም። ተነስቼ ሱሪዬን አራገፍሁ፤ ያዩኝ ሰዎች ሳቁ፣ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ሄልሜቱ ቤት ነበር፤ ሚስቴ ትርንጎ ሽንኩርት ታስቀምጥበት ነበር።

ከዚያ ራሴን ያመኝ ጀመር፤ ያስመልሰኛል። ከቆላ የመጣ ሰው ካስመለሰው ወባ ነው፤ በዚህ አገር ይህ ክርክር የለውም። አንድ ክሊኒክ የወባ መድኃኒት ሰጠኝ። አልተሻለኝም፤ ሌላ ክሊኒክ ታይፎይድ ነው አለ። ወድቀህ ነበር ወይ ብሎ የጠየቀኝ የለም፣ እኔም አልተናገርሁም፤ ለካ መውደቄን ራሱ ረስቼዋለሁ። ትርንጎ ራስ ምታቱን የድካም ነው እያለች ዳማከሴ ታሸትልኝ ነበር። አንድ ጠዋት ብትቀሰቅሰኝ፣ ብትቀሰቅሰኝ አልነቃሁም።

የቀረውን የነገሩኝ ሰዎች ናቸው። ጎረቤት ተሸክሞ ሆስፒታል አደረሰኝ፤ ከዚያ በአምቡላንስ ወደ ሌላ ከተማ ላኩኝ። ራስን ከውስጥ በሚያሳየው ሲቲ ስካን በሚሉት ራጅ ሲያዩኝ፣ በራስ ቅሌና በአንጎሌ መካከል ደም ተጠራቅሞ ኖሯል። ቀደው አወጡት። የትርንጎ አባት ቄስ አዳነ ከአምደወርቅ ድረስ መጥተው፣ የእርሻ በሬያቸውን ሸጠው፣ ከአልጋዬ ግርጌ ወለል ላይ እያደሩ ዳዊት ደገሙልኝ። ይህን በደንብ ያዙልኝ፤ በኋላ ያዋረድሁት ሰው ማን እንደሆነ እንድታውቁት ነው።

ስነቃ ቀኝ እግሬ አልታዘዝ አለኝ። ሰቆጣ ተመልሼ የአካል ሕክምና ጀመርሁ፤ በመያዣ እየቆምሁ፣ እየተንገዳገድሁ፣ እንደ ሕፃን ወፌ ቆመች እየተባልሁ። ከሕክምና ክፍሉ ደጃፍ አንድ አግዳሚ ወንበር አለ፤ ተራ የምንጠብቀው እዚያ ላይ ነው። ዘበኛው ፀሐይ ስትዞር ወንበሩን ወደ ጥላ ይስብልን ነበር። እዚያ የተዋወቅኋት አንዲት የገጠር ሴት ባሏ ከዛፍ ወድቆ እንደኔው ጭንቅላቱን ተመትቷል። የሷ ባል ግን ዝም ነው ያለው። ካበሉት ይበላል፣ ካስቀመጡት ይቀመጣል፣ አንድ ነገር አይጠይቅም። «እናቱ ልጄ ከወደቀ ወዲህ ጨዋ ሆነ እያሉ ስለት ያገባሉ» አለችኝ። «አንተስ ተሳዳቢ ነህ አሉ። ምናለ ከአፍህ ቀንሰህ ብትሰጠው!»

አዎ፣ ተሳዳቢ ሆኛለሁ። እንዴት እንደሆነ ላስረዳ። አንቱ ማለትን አልረሳሁም። ይኸው እየጻፍሁት ነው፤ ወረቀት ላይ ጊዜ አለኝ፣ ተመልሼ አርማለሁ። ስናገር ግን አንተ ቀድሞ ይወጣል፤ አንቱ ከኋላ ትደርሳለች፣ ሰውየው ከተቀየመ በኋላ። በልቤ ያሰብሁት ነገርም ሳይጣራ ይወጣል። ድሮ እናንተም እንደምታደርጉት አስቤ የምተወው ብዙ ነበር። አሁን የምተወው የለም።

መጀመሪያ ነገሩ የገባው ሰው አልነበረም፤ እኔም አልገባኝም። እናቴን ድሮም አንቺ ነው የምላት፣ ደግሞ ከሷ ጋር የምናወራው በአገራችን አገውኛ፣ በኽምጣኛ ነው፤ ስለዚህ ልጄ ምንም አልሆነም፣ ጠላት ነው የሚያስወራበት ብላ ድርቅ አለች። ትርንጎ በሽታ ያስመረረው ነው ብላ ቻለችው። ነገሩ የፈነዳው የአማቴ የሚካኤል ዝክር ዕለት ነው። ከዘራ ይዤ በእግሬ ስገባ ቤቱ በእልልታ ቀለጠ። ቄስ አዳነ አለቀሱ። ዳቦው ቀርቦ፣ ሰዉ ቆሞ፣ እሳቸው መስቀላቸውን ይዘው ሲባርኩ፣ ጸሎቱ ረዘመብኝ።

«አንተ ቄስ፣ አሳጥረው እንጂ! ራበን!»

የተናገርሁት እኔ ነኝ። ድምፄን ስሰማው ደነገጥሁ። ከወጣቶቹ አንዱ ሳቀ። አማቴ ጸሎታቸውን አላቋረጡም፤ ጨረሱ፣ ዳቦውን ቆረሱ፣ የመጀመሪያውን ቁራሽ ለኔ ሰጡኝ። ሰዉ ሲወጣ ጠብቀው ነው የተናገሩት።

«ስትታመም ልጄ ነበርህ። ስትድን ጌታዬ ሆንህ። ትርንጎ፣ አንቺ እዚሁ ቆዪ።»

እሷም አልተከራከረችም። እስከ አጥሩ ወጣችና፣ ዓይኗ እሳት መስሎ፣ «አባቴን አንቱ ብለህ የጠራሃቸው ቀን እመለሳለሁ» አለችኝ። «እግርህ እንደሁ ድኗል፤ ብቻህን ሂድ።» ከዚያን ቀን ጀምሮ የሕመሜ ነገር ሁሉ ወደ አንድ ጥያቄ ጠበበ፦ ሚስቴ ትመለሳለች ወይስ አትመለስም? ሌላው ሁሉ፣ እግሩም ራስ ምታቱም፣ ከዚያ በኋላ የሚታሰብ ሆነ።

ባዶ ቤት መተኛት ፈራሁ። ራስ ቅሌ ውስጥ ደሙ እንደገና የሚጠራቀም እየመሰለኝ እጄን ጠባሳው ላይ አድርጌ እተኛ ነበር። እናቴ መጥታ አብራኝ ተቀመጠች። ሰው ሲያወራብኝ ሰምታ ግን እሷም ፈራችና ጠበል ወሰደችኝ። አጥማቂው መስቀሉን ግንባሬ ላይ ተክለው «ማነህ? ስምህን ተናገር!» አሉ።

«ሲሳይ ነኝ።»

«ውሸታም! ማነህ?»

«አንተስ ማነህ?» አልሁ።

ጉድ ፈላ። አጥማቂን አንተ የሚል ማን እንደሆነ የታወቀ ነው። «ተናገረ! ተናገረ!» እያሉ ሴቶቹ እልል አሉ፤ ውሃው ይወርድብኝ ጀመር። ሲሳይ መሆኔን በማልሁ ቁጥር ጋኔኑ እልኸኛ ነው ይባላል። በጠበሉ አልቀልድም፤ የማምንበት ሰው ነኝ፣ ልቤም እዚያ ትንሽ አርፎ ነበር። ወሬው አምደወርቅ ሲደርስም አማቴ «ከተናገረ ይወጣል፤ እንጠብቃለን» አሉ መባሉን ስሰማ ደስ አለኝ። ሰው እየጠበቀኝ ነው ማለት ነው። እኔም ጋኔኑ እስኪወጣ ከሰዉ ጋር አብሬ ጠበቅሁ።

የሚወጣ ነገር ሲጠፋ፣ እንግዲያው ጥጋብ ነው ተባለ። ለጥጋብ ደግሞ መድኃኒቱ ሽማግሌ ነው። የሰፈራችን ሽማግሌ አያ ካሱ ሁለት ሰው ጨምረው በሚኒባስ ወደ አምደወርቅ ወሰዱኝ። መንገዱን ሙሉ «አባ ይማሩኝ፣ አባ ይማሩኝ» እያልሁ ተለማመድሁ። «በርታ፣ አንዲት ቃል ናት» ይሉኛል አያ ካሱ። ስሳሳት ተሳፋሪው ሳይቀር ያርመኝ ነበር።

ወጉን ታውቁታላችሁ። የበደለ ሰው ድንጋይ በማጅራቱ ተሸክሞ ተበዳዩ ፊት ይንበረከካል፤ ተበዳዩ ምሬሃለሁ ሲል ድንጋዩ ይወርዳል። ተንበረከክሁ። የታመመው እግሬ ይንቀጠቀጣል። ቄስ አዳነ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠዋል። ትርንጎ ከጓዳው በር ቆማ ከንፈሯ ከኔ ጋር ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ ቃሏን አብራኝ እያለች ነበር።

«አባ» አልሁ። እስከዚህ ደህና ነበር። ከዚያ «ማረኝ» ወጣ። ልመልሰው ስጣደፍ የባሰው ተከተለ፦ «ማርሁህ በለኝ እንጂ ሽማግሌው፣ ድንጋዩ ከበደኝ!»

አያ ካሱ ብድግ አሉ። «እግዜርን ነው! አቤቱ ማረኝ ብሎ ወደ ላይ ነው የለመነው! እግዜርን አንቱ የሚል አለ እንዴ?»

«ወደ ላይ ከሆነ» አሉ አማቴ፣ «ዓይኑ እኔ ላይ ምን ይሠራል?»

ዛሬም ትዝ ሲለኝ እስቃለሁ፤ ያን ጊዜ ግን አልሳቅሁም። አማቴ በገዛ እጃቸው ድንጋዩን ከማጅራቴ አወረዱት። «ያመጣችሁልኝ ድንጋዩን ነው፤ ልጁ አልመጣም» አሉ ለሽማግሌዎቹ። «ልቡ ሲመለስ አምጡት። ደጄን አልዘጋሁም።» ትርንጎ እያለቀሰች ተከትላኝ ወጣችና አፈር ዘግና ወረወረችብኝ። «አንዲት ቃል! አንዲት ቃል አቃተህ?»

እውነቱን ልናገር፤ የዚያን ሰሞን ሞቼ ቢሆን እመርጥ ነበር። በደም የሞላ ጭንቅላት ይዤ ብሞት ኖሮ አማቴ ዳዊት እየደገሙ ይቀብሩኝ ነበር፣ ሚስቴም ደግ ባል ነበረኝ እያለች ታለቅስ ነበር። ድኜ ግን ሁሉንም አጣሁ።

ነገሩን የፈታችልኝ የአካል ሕክምና ባለሙያዋ ናት። አንድ ቀን መልመጃውን ትቼ አግዳሚው ላይ ተቀምጬ ሳለቅስ አጠገቤ ተቀመጠች። የሆነውን ሁሉ ነገርኋት። የተላከላት ወረቀት እግሬን ብቻ እንድታይ የሚል ነበር፤ ሌላውን የነገራት አልነበረም። «ከግንባርህ በስተጀርባ ያለው የአንጎል ክፍል ነው የተጎዳው» አለችኝ። «እሱ ልጓም ነው። የሚነገረውንና የማይነገረውን የሚለየው እሱ ነው። ልጓሙ ላልቷል እንጂ ልብህ አልጠገበም።» ሌላም ነገረችኝ፦ ልጓሙ በልምምድ ቀስ እያለ እንደሚጠብቅ፣ ከመናገሬ በፊት ጉልበቴን ጨበጥ አድርጌ አንድ ትንፋሽ መተንፈስ እንዳለብኝ፣ ቤተሰቦቼን ይዤ እንድመጣ። እኔ ግን በሽታ ነው የሚለውን ስሰማ ሌላውን ከደስታ ብዛት አልያዝሁትም። በሽታ ነው! ጋኔን አይደለም፣ ጥጋብ አይደለም። አያ ካሱን ይዤ በማግስቱ ወደ አምደወርቅ በረርሁ።

ለአማቴ ስለ አንጎል ክፍል ባወራ ማን ይሰማኛል? እሳቸው ካህን ናቸው፣ ደግሞ ፍየል አርቢ ናቸው። እኔም የፍየል ሐኪም ነኝ። በሚያውቁት ላስረዳቸው ብዬ መንገድ ላይ አሰብሁበት። ጥሩ ያሰብሁ መስሎኝ ነበር።

«አባ፣ አዙሪት የያዛት ፍየል ታውቃለህ?» አልሁ። ታውቃለህ ማለቴን ሰምቼዋለሁ፤ አልፌው ሄድሁ።

አዙሪት ፍየልና በግ የሚይዝ በሽታ ነው። ከመንጋው ትለያለች፣ አንገቷን ታጣምማለች፣ እዚያው በዚያው ስትዞር ትውላለች።

«እንዴት አላውቅ» አሉ።

«ስትዞር እረኛውን ንቃ ነው?»

«ምን ንቀት አላት፤ ታማ ነው እንጂ።»

«ሕመሟ የት ነው?»

እሱን እንኳ አያውቁትም፤ እኔው መለስሁ።

«ጭንቅላቷ ውስጥ ነው። ስንቷን ከፍቼ አይቻለሁ። አንጎሏ ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት አለ፤ የሚያዞራት እሱ ነው። የኔም እንደሱ ነው፣ አባ። እዚህ ጋ ደም ቋጥሮ ነበር፤ ደሙን ቢያወጡትም ቦታው ተጎድቷል። አንተ የሚልህ ሕመሜ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም።»

ተነስተው መጡ። ጠባሳዬን በጣታቸው ነኩት፤ ከዚያ በፊት ነክተውት አያውቁም። «እኔ ደግሞ ይህን ሁሉ ጊዜ በአፍህ ስፈርድብህ» አሉና ዓይናቸው እንባ ሞላ። አያ ካሱ ተመስገን አሉ። ጓዳው በር ላይ የትርንጎን ቀሚስ አየሁት። ዛሬ ይዣት እገባለሁ አልሁ።

አማቴ ተመልሰው ተቀመጡ። ያስባሉ። «እንግዲያው ፍየሏን ምክር አያድናትም፤ ዱላም አያድናትም ማለት ነው።»

«አያድናትም» አልሁ፤ ስለ ሥራዬ ሲጠይቁኝ ደስ ይለኛል።

«እየዋለ እያደረ ሲሄድስ?»

«እየባሰባት ነው የሚሄደው።»

«ገበሬው ሲጠይቅህ ምን ብለህ ነው የምትመክረው?»

አያ ካሱ በከዘራቸው እግሬን ነካ አደረጉኝ። ያን ጊዜ ገባኝ። ግን ነግሬያችኋለሁ፤ እኔ ሲገባኝ አፌ ቀድሞኛል።

«ሳትከሳ እረዳት ነው የምለው» አልሁ።

የሳቀ የለም። ቄስ አዳነ መስቀላቸውን አውጥተው ግንባሬን አሳለሙኝ። «ምሬሃለሁ ልጄ። የምምርህም ነገር የለኝ፤ አልበደልኸኝም።» ያን ያህል ስመኘው የኖርሁት ቃል መጣ፤ ሲመጣ ግን ቀዘቀዘኝ። ደጄን አልዘጋሁም ያሉኝ ሰው ተቆጥተው ነበር፤ አሁን ያልተቆጡት ሰው ስለ ደጁም ስለ ልጃቸውም አንድ ነገር አላነሱም። ባለሙያዋ የነገረችኝ የቀረው ነገር ትዝ ያለኝ ያን ጊዜ ነው። «ሰው እንደ ፍየል አይደለም፣ ልጓሙ ይጠብቃል፣ በልምምድ ይሻላል ብላኛለች» አልሁ። «እግዜር ያውቃል፣ ልጄ» አሉኝ፤ አልጋ ላይ ላለ ሰው እንደሚባለው። አዙሪትን ዕድሜያቸውን ሙሉ አይተውታል። ባለሙያዋን አላዩዋትም።

ቤተሰብ የሆናችሁ ሰዎች፣ የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። እናንተው ራሳችሁ ከበሽተኛው ጋር ሄዳችሁ አግዳሚው ላይ ተቀመጡ፤ ሐኪሙ የሚለውን በጆሯችሁ ስሙ። የተጎዳውን ሰው ስለ ጉዳቱ ራሱ ያስረዳናል ብላችሁ አትጠብቁት። እኔ እስከማውቀው ድረስ ሰው ጥፋተኛ ሲመስለው ይቆጣል፣ ይፀልያል፣ ሽማግሌ ይልካል፣ ይጠብቃል። በሽታ ነው ሲባል ግን ያዝናል፤ አዝኖ ይተዋል። ማወቅና ማዘን ብቻውን በሽተኛውን ቤቱ አይመልሰውም።

ትርንጎ ውሃ አምጥታ አስታጠበችኝ። እንጀራውን ከፊት ከፊቴ እየቆረሰች፣ «ቀስ ብለህ፣ ትኩስ ነው» እያለች አበላችኝ። ድሮ እንዲህ ብታደርግ እጄ አልተቆረጠ ብዬ እቀልድባት ነበር። ስንወጣ እስከ መኪና መሳፈሪያው ድረስ ክንዴን ይዛኝ መጣች፤ አያ ካሱ ቀደም ብለው ሄዱልን።

«አባትሽን አንቱ ማለት ልለማመድ ነው» አልኋት። «ባለሙያዋ ያሳየችኝ ዘዴ አለ። ለፋሲካ እደርሳለሁ።»

ጋቢዬን ትከሻዬ ላይ አስተካከለችልኝ። «አትጨነቅ» አለች፣ በለስላሳ ድምፅ። «እንደ መጣልህ ጥራቸው። ከእንግዲህ ማንም አይቀየምህም።»

«አንቺስ?»

«እኔም።»

ሚኒባሱ እስኪሞላ ድረስ መስኮቱ ሥር ቆማ ጠበቀችና ሲነሳ በእጇ ተሰናበተችኝ። ተጣልተን በነበረ ጊዜ አንድ ቀን እንኳ ሸኝታኝ አታውቅም።